በሳጥን የተቆለፈው ስልክ

ባለፈው ግንቦት ወናጎ ላይ ዝናብ ባይዘኝ ኖሮ ይህን ታሪክ ባልጻፍኩት ነበር። ወደ ዲላ ልመለስ ሚኒባስ ስጠብቅ ዶፍ ወረደና ሮጬ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። እዚያም አቶ ታረቀኝን ከልጅ ልጃቸው ከሃሌሉያ ጋር ቆመው አገኘኋቸው። አቶ ታረቀኝ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው የሚያገለግሉ፣ ቃላቸው የሚከበር የጌዴኦ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ የሃሌሉያን አባት ታዲዮስን ድሮ አስተምሬዋለሁ።

ሰላምታ ተለዋወጥን። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ከእናቴ ቤት ነው የምመጣው፣ መምህር» አሉኝ። «ደከመችብኝ። ይቺን ልጅ ባየች ቁጥር ደግሞ ታዝናለች። እሷ ከጌዴኦኛ ሌላ አታውቅም፣ ልጅቷ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ አስተረጉማለሁ። ዛሬ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ይቺ ልጅ እንግዳዬ ናት፤ ሳላወራት ልሞት ነው› አለችኝ።»

በዚህ መሃል ሮሆቦት እየሮጠች በረንዳው ላይ ወጣች። ሮሆቦት ዲላ ከአቶ ታረቀኝ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤቶቻቸው ልጅ ናት፤ አሁን እዚሁ ወናጎ የምታስተምር ወጣት መምህርት ሆናለች። ሰላም ካለችን በኋላ ስልኳ ረጥቦ እንደሆነ ለማየት ስትነካካው የሕፃናት ዜማ ጮክ ብሎ ወጣ። ሃሌሉያ የአያቷን እጅ ለቃ ወደ ስልኩ ተንደረደረች።

«ዝጊልኝ ያንን ነገር!» አሉ አቶ ታረቀኝ።

የአቶ ታረቀኝ የስልክ ጥላቻ ለሰፈራቸው ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። ታዲዮስ ከሁለት ዓመት በፊት ዘመናዊ ስልክ ቢገዛላቸው ከነካርቶኑ ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። በኪሳቸው የሚይዙት ቁልፎቿ የተፋቁ፣ የለቅሶ መርዶ የምትቀበል አሮጌ ስልክ ብቻ ናት።

«ሰው አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ሲያንሸራትት ይውላል» አሉ። «እንግዳ ሲገባ ቀና የሚል ልጅ ጠፋ። ዘፈኑ፣ ዳንሱ፣ ስድቡ! ልጅ በዚህ ያድጋል ትይኛለሽ?»

«እውነትዎን ነው አባባ፣ አልክድም» አለች ሮሆቦት። «እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ ስልክ ስነጥቅ ነው የምውለው። ለልጅ የማይሆን ነገርም ሞልቷል። ይሄን ግን የሠራነው እኔና ጓደኞቼ ነን። በጌዴኦኛ የልጆች ዜማና አጫጭር ቀልድ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ እንለቀዋለን። እባክዎ ሰምተው ይፍረዱ።»

«ምኑን እሰማለሁ? ዘፈን ዘፈን ነው።»

«ቲቸር እንኳ ቢሰሙት አይገባቸውም። እርስዎ ግን ቃሉ ሁሉ ይገባዎታል። እርስዎ ካልሰሙልን ማን ስህተታችንን ያርመናል?»

«ቲቸር» ያለችው እኔን ነው። አፈርኩ። አርባ ዓመት ሙሉ የጌዴኦን እንሰትና ቡና እየበላሁ እየጠጣሁ ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላውቅም።

አቶ ታረቀኝ ግን አልበረዱም። «ቋንቋችንን የገደለው እኮ ይሄው ስልካችሁ ነው! ልጆቹ ጠዋት ማታ የሰው አገር ነገር እየሰሙ የእናታቸውን አፍ ረሱ!»

ሮሆቦት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ታዲዮስ ልጅ በነበረበት ጊዜ ስልክ ነበር?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ታረቀኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ያስታውሱ እንደሆነ አላውቅም። በደርግ ጊዜ ነው። ታዲዮስ ሁለተኛ ክፍል እያለ በጌዴኦኛ ሲያወራ እርስዎ ሰምተው አንበረከኩት። ጉልበቱ ተልጦ መጣ። ነገ ሥራ ሲፈልግም እንዲህ እንዳያዋርዱት ብዬ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ጌዴኦኛ ከለከልኩ። እናቱ ስታባብለው እንኳ በአማርኛ እንዲሆን አደረግኩ። ልጄ ተምሮ ሰው ሆነልኝ፤ ለልጁ ግን የሚያወርሰው ቋንቋ አጣ።»

አስታወስኩ። የተልፈሰፈሰች ቁምጣው ሳትቀር ትዝ አለችኝ። ያኔ ጎበዝ መምህር ነኝ ብዬ አስብ ነበር። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አቶ ታረቀኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ሁለታችንም ነን» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። በገዛ እጃችን የሠራነውን ጥፋት ትናንት በመጣ ዕቃ እናሳብባለን። ስልክን መርገም ቀላል ነው፤ ያስቸገረን ራሳችንን መመርመር ነው።

በዚህ መሃል ሃሌሉያ ከሮሆቦት ስልክ ጋር ማዜም ጀምራ ነበር። ቀስ ብላ፣ አያቷን በጎን እያየች። ዜማው፣ ሮሆቦት በኋላ እንደነገረችኝ፣ እናት ልጇን ከጓሮ ስትጠራ ነው፤ ነይ ግቢ፣ ዝናብ መጣ፣ ይበርድሻል እያለች። ልጅቷ ስትጨርስ የአያቷን የረጠበ ኮት ይዛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እኔ አልገባኝም። አቶ ታረቀኝ ግን ገባቸው።

«በረደህ ወይ አለችኝ» አሉ። «በጌዴኦኛ! ማን አስተማራት?»

«እኛ ቤት ከእህቴ ልጆች ጋር ስትጫወት ይሄን ታየዋለች» አለች ሮሆቦት ፈራ ተባ እያለች። «ይቆጡኛል ብላ ነው የደበቀችዎት። እኔም አብሬ ደበቅኩ፤ ጥፋቴ ነው።»

ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ «ዲላ! ዲላ!» ሲል አቶ ታረቀኝ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ሂድ ማለታቸው ነው። የልጅቷን እጅ ይዘው ወደ እናታቸው ቤት የሚወስደውን ጭቃ መንገድ ተያያዙት። እኔንም ሮሆቦትንም «ኑ» አሉን።

ዛሬ ያ ስልክ ከሳጥን ወጥቷል። አቶ ታረቀኝ ደንብ አውጥተውለታል፦ ከጥናት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ፣ አብረው እያዩ፤ እንግዳ ሲመጣ ይዘጋል። ሮሆቦትና ጓደኞቿ የሚሠሩትን ሁሉ ሳይለቁት አስቀድመው ይሰሙላቸዋል፣ ያርሙላቸዋል። ባለፈው ሳምንት እሳቸውም ካሜራ ፊት ቀርበው የእንሰት ዓይነቶችን በስማቸው ጠርተዋል። ታዲዮስ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶት የረሳውን የአባቱን ቋንቋ ከልጁ ጋር እንደ አዲስ እየተማረ ነው። ጠንቅቀው ያልመረመሩትን ነገር ከደጅ መመለስ ጥንቃቄ አይደለም። መርምሮ ክፉውን ለይቶ ማስቀረት፣ በበጎው መጠቀም ግን ለቤትም ለአገርም ይበጃል።

ያን የዝናብ ቀን እናታቸው እማማ ሙሉካ መደባቸው ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው ነበር። አቶ ታረቀኝ እንደ ልማዳቸው በእናታቸውና በልጅቷ መካከል ተቀመጡ። ሃሌሉያ የአሮጊቷን እጅ ይዛ፣ እየተንተባተበች፣ ያችኑ የብርድ ጥያቄ ጠየቀች። ከዚያም ሌላ ነገር ጨመረች፤ ግማሹ ተሳሳተ መሰለኝ፣ ሮሆቦት ፈገግ አለች። እማማ ሙሉካ ጆሯቸውን ወደ ልጅቷ አስጠጉ። አቶ ታረቀኝ ሊያስተረጉሙ አፋቸውን ከፈቱ።

እናታቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸውና አንድ ነገር ተናገሩ። ሮሆቦት በጆሮዬ ተረጎመችልኝ፦

«አንተ ተነሣልን። እኛው እናወራለን።»

አቶ ታረቀኝ ከመሃል ተነሥተው በሩ አጠገብ ከእኔ ጎን መጥተው ተቀመጡ። ያለቅሱ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ።