ክሩን የዋጠችው ልጅ

ግቢ፣ ግቢ እናቴ። በሩ ሲጮኽ አትደንግጪ፤ ዘይት የሚቀባልኝ ሰው ከሞተ ወዲህ እንዲሁ ነው። እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ያኛው ወንበር እግሩ ይወላገዳል። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እህትሽስ… እሷማ ምን ትሆናለች። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ በየሬዲዮው እሰማታለሁ። ድምጿ ዛሬም ጥርት ያለ ነው። ድሮም እንዲሁ ነበረች፤ ጠያቂው ሳይጨርስ መልሱን ታቀብለዋለች።

የምረቃውን ጥሪ ስላመጣሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ፊተኛው ረድፍ ነው አይደል? የደራሲዋ የልጅነት ጓደኛ ተብዬ ሁለት ቃል እንድናገር… ታሪኩ እውነት መሆኑን እንድመሰክር። ማስታወሷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቴ ሲሞት ብቅ ሳትል ቀረች ብለው የሚያሟት አሉ። እኔ ግን መጽሐፍ መጻፍ ቀላል መሰላችሁ ወይ እላቸዋለሁ። አንድ ሰው በስንት ቦታ ይገኛል?

አንብቤዋለሁ እንጂ። ዓይኔ ስለደከመ ልጄ ናት ጮክ ብላ ያነበበችልኝ። ሁለት ወጣት ሴቶች፣ አንድ ላውንደሪ ቤት፣ ውጭ ተኩስ… እንፋሎቱ፣ የከሰል ካውያው፣ በረኪና የበላው ጣታችን፣ ሁሉም ቁልጭ ብሏል። ያን ዘመን እኮ ከልጅነት የወጣነው በአንሶላ መሃል ነው። እኔ ጡት ማጎጥጎጤን ያወቅኩት የሸሚዜ ቁልፍ አልገጥም ሲለኝ ነው። ማን ይንገረኝ? ቤተሰቡ ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ ነበር።

ጀግናዋ ልጅ እንዴት ቆንጆ ናት። አንገቷ ብቻ ሦስት ገጽ ወስዷል። ጓደኛዋ ደግሞ ወፍራም፣ ላብ የሚያጠምቃት፣ ምላሷ የማያርፍ… «ይቺን ማንን አስባ ጻፈቻት ይሆን?» አልኳት ልጄን። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። መጀመሪያ ላይ ሳቅን።

የክሩ ነገር ላይ ስንደርስ ግን የልጄ ድምፅ ዝግ አለ። እኛ ቤት የደንበኛ ልብስ እንዳይቀላቀል ኮሌታው ውስጥ ክር እንሰፋበት ነበር፤ ለያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም። የመምህሩ ሰማያዊ ነበር። ያኔ ገና ባሌ አልሆነም፤ ሸሚዙን በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚመጣ ቀጭን ልጅ ነው። እንግዲህ ወታደሮቹ የተከለከለ ወረቀት የተጠቀለለበት ሸሚዝ አገኙና ይዘውት መጡ። መኮንኑ ኮሌታውን ገልብጦ «የማን ነው?» አለ። በመጽሐፉ ቆንጆዋ ሸሚዙን ከእጁ ነጥቃ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ዋጠችው። ምን ዋጋ አለው፣ ወፍራሟ ከጥግ ሆና «የመምህሩ ነው» ብላ ዘረገፈችው።

እኔ እንግዲህ እርጅና ይሆናል… የማስታውሰው ትንሽ ይለያል። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁለት ልጆች ነን። አንዷ እኔ ነኝ። የሌላዋን ስም አልጠራም፤ አንቺም አትጠይቂኝ። እኔ እጄን ከሳሙናው ሳላወጣ ዝም አልኩ። ሌላዋ ግን ሥራዋን እንዴት ትወድ መሰለሽ። የላውንደሪው ባለቤት ክር እያሳየች ስትፈትናት አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ሰማያዊውን ስታይ አፏ በራሱ ተከፈተ። «የመምህሩ ነው፣ ሌላ ሸሚዙም እዚህ አለ፣ ቅዳሜ ይወስደዋል፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው የሚኖረው።» ቅዳሜ ይወስደዋል… መኮንኑ መቼ እስከ ቅዳሜ ጠበቀ? ክፋት አይደለም እኮ፣ ሥራ አክባሪነት ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ዛሬ ከየት ይገኛል?

እሱም አልተቀየማትም። ሁለት ዓመት ታስሮ ሳሉን ይዞ ወጣ፤ ሳገባው ሳሉንም አብሬ አገባሁት። ነገሩ ሲነሳ «ተያት፣ ልጅ ነበረች፣ ፈርታ ነው» ይል ነበር። እኔም እሱ ያለውን ይዤ ዝም ብዬ ኖርኩ። ልጃችንም ሳትሰማ አደገች።

አሁን መጽሐፉን አጠፍ አድርጋ «እማዬ፣ አባዬን ያሳሰርሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ደራሲ ይዋሻል ልበል? ያውም እህትሽን የሚያህል ሰው? ከዚያ ወዲህ ምሳ ስታቀርብልኝ ፊቴን አታይም። ወጡን አይታ፣ ሳህኑን አይታ፣ ትወጣለች።

ስለዚህ እመጣለሁ በያት። ልጄንም አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ሁለት ቃል አይበቃኝም ይሆናል፤ ያን ቀን ማን ምን እንዳለ ከነድምፁ ነው የማስታውሰው… ግን ምን ያሰጋታል? እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው ብላ በሬዲዮ ተናግራ የለ? እኔ ማገዜ ነው።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ትናንት ብቻዬን፣ በመነጽሬ ጨረስኩት። መምህሩ እስር ቤት ውስጥ፣ በቆንጆዋ ክንድ ላይ፣ ስሟን እየጠራ ይሞታል። በሃያ ሁለት ዓመቱ። ስንት ሸሚዝ ከማጠብ በገላገለችኝ… የኔው ሰውዬ ግን እንዲህ አምሮ መሞት አልሆነለትም። ሲያስል ቆየና ቀና ብሎ አየኝ፤ «በልተሻል ወይ?» አለኝ። በቃ፣ የመጨረሻው ቃሉ ያ ነበር። አልበላሁም ነበር፤ በልቻለሁ አልኩት። ይኼ ለመጽሐፍ ምን ይሆናል?

ተነሺ እንግዲህ፣ እንዳይመሽብሽ። እህትሽን ጥብቅ አድርገሽ ሳሚልኝ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣት፣ ብዕሯን ያለምልምላት። በዚያ ሰፊ ቤት ብቻዋን አያስቀራት። የመጨረሻ ቀኗ ሲደርስ ስሟን እየጠራ የሚያለቅስላት አንድ ሰው ይስጣት… እሷ ራሷ ሳትጽፈው። አሜን በይ እንጂ።