ያልወለቀው ኮፍያ

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በሚኒባስ ስንመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከጎኑ ላሉት እናት ያወራ ነበር።

“ዛሬ የእጮኛዬን አባት ሰላም ስል ኮፍያዬን አላወለቅኩም፣ እማማ።”

“ምነው ልጄ! ለሽማግሌ?”

“መላጣዬን እንዳያዩት አፍሬ ነው። ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው።”

“ከምን መጣብህ?”

“ከዘር ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንማር፣ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፣ ከፈረንጁ ይልቅ አፍሪካዊው ላይ ያንሳል ብለውናል።”

“ታዲያ አንተን ፈረንጅ ወለደህ?”

“ማነሱ እኔን አልማረኝም።”

“አባትየውስ ምን አሉ?”

“‘እኔን ያላከበረ ልጄን አያከብርም’ ብለው ጥለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ።”

“ተመለስና አውልቀህ ይቅርታ ጠይቃቸዋ!”

“እጮኛዬም እኮ መላጣዬን አይታው አታውቅም፣ እማማ።”

እኔም የራሴን መላጣ የሸፈነውን ባርኔጣ ቀስ ብዬ አውልቄ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት።