ላብ የነካው ጡት

እትዬ የሺአረግ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ባጃጅ ይዘው ነበር። ድሬ ውስጥ ከዚራ ከሚባለው ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሲደርሱ፣ ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን እያወናጨፉ ሲገሰግሱ ከፊት ለፊታቸው አዩ። አንደኛዋ ሰፊ ሱሪ ለብሳለች፤ ሌላዋ ሽቲ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛለች። በዚህ ማለዳ ማን አሳደዳቸው ብለው ሊስቁ ሲሉ ባጃጁ ቀደማቸው። ዞር ብለው ቢያዩ ባለ ሱሪዋ የገዛ ምራታቸው ፍቅርአዲስ ናት።

«አቁም ልጄ፣ አቁም» አሉት ሾፌሩን።

ፍቅርአዲስ የአራት ዓመት ሴት ልጅና ገና የሚጠባ ወንድ ልጅ አላት። ባሏ ይትባረክ፣ የእትዬ የሺአረግ ልጅ፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እርሱ በሌለበት ያ ቤት በእኔ ላይ ነው ብለው ያምናሉ እትዬ የሺአረግ። የምታጠባ ሴት በጎዳና ስትገሰግስ ማየት ለእርሳቸው እሳት ለኩሶ፣ በር ዘግቶ እንደ መውጣት ነው።

«ልጆቹስ?» አሉ፣ ሰላምታውን እንኳ ረስተው።

«እንደምን አደሩ እማማ። ደኅና ናቸው፤ የሳቢሪን እናት ጋ ናቸው።»

ሳቢሪን አብራት የምትሄደው ጎረቤቷ ናት፤ እርሷም ሕፃን አላት። «እናቴ ሱብሂ ከሰገደች በኋላ አትተኛም እትዬ» አለች። «ሦስቱንም ምንጣፍ ላይ አድርጋ እያጫወተች ነው። አቦ አይስጉ፣ አልጠፋንም።»

እትዬ የሺአረግ ሁለቱንም ባጃጁ ውስጥ አስገብተው ወደ ቤት መለሷቸው። ሳቢሪን በመንገድ ላይ «ስፖርቱን በባጃጅ ጨረስነው» ብላ ስትስቅ እርሳቸው ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

ከሃሊሞ ቤት ሲደርሱ ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ተነጫነጨ። ሃሊሞ፣ የሳቢሪን እናት፣ ልጁን አንስታ ለፍቅርአዲስ ልትሰጥ ስትል እትዬ የሺአረግ ቀድመው ተቀበሉና ደረታቸው ላይ ሸጎጡት።

«ላብሽ ሳይደርቅ፣ ጡትሽ ሳይበርድ አታጠቢውም» አሉ።

ላብና ፀሐይ የነካው ጡት የሕፃን ሆድ ያበላሻል፤ ይህን ከእናታቸውም ከአማታቸውም ሰምተዋል። እርሳቸውም በጊዜያቸው ከደጅ ሲገቡ የመጀመሪያውን ወተት መሬት ላይ እያፈሰሱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ልጁ ቢታመም ምን መልስ ይሰጣሉ? ለይትባረክስ ምን ይሉታል?

ፍቅርአዲስ ኮሌጅ የጨረሰች ሴት ብትሆንም ከአማቷ ጋር ቃል ተመላልሳ አታውቅም። አሁን ግን ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጠችና ለባሏም ያልነገረችውን ነገረቻቸው። በእርግዝናዋ ጊዜ የወጣው ስኳር ከወለደች በኋላም አልወረደም። ነርሷ አበላልሽን አስተካክይ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን ብላታለች። ለይትባረክ ያልነገረችው መሪ ይዞ እንዳይጨነቅ ነው።

እትዬ የሺአረግ ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸውን ግን በቁጣ ሸፈኑት። «ስኳር የሐሳብ በሽታ ነው። አርፈሽ ብትቀመጪ ይሻልሽ ነበር። እኔ አምስት ስወልድ ማን ሩጪ አለኝ?»

«ማንም አላለዎትም። እርስዎ ግን ለባለቤትዎ ለአባባ ምሳ ይዘው ከገንደ ቆሬ እስከ ሥራ ቦታቸው እስከ ምድር ባቡር በእግርዎ ሲመላለሱ፣ ውሃውንም ከቦኖ ተሸክመው ሲያመጡ እንደኖሩ ራስዎ ነግረውኛል። እኔ ውሃው ግቢዬ ውስጥ ነው፣ ገበያውም በባጃጅ ነው። ቀኑን ሙሉ እደክማለሁ እማማ፤ ግን አልንቀሳቀስም። መድከምና መንቀሳቀስ አንድ አይደሉም።»

«ልጆቹ ሲተኙ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አትዪም?»

«ሲተኙማ ልብሱ አለ፣ ወጡ አለ። አንድ ቀን ገመድ ልዝለል ብዬ ሁለቱንም ቀሰቀስኳቸው። ትርፍ ጊዜ ልጠብቅ ካልኩ ልጆቹ ተድረው እስኪወጡ አላገኘውም።»

ስለዚህ ፍቅርአዲስ ከሳቢሪን ጋር ተስማምታለች። ጠዋት ሃሊሞ ልጆቹን ትይዛለች፤ ከሰዓት ሳቢሪን ሱቋ ስትሄድ ልጇን ፍቅርአዲስ ትጠብቅላታለች። ሃሊሞ ለጉዳይዋ ወደ መልካ ጀብዱ በምትወርድበት ቀን ደግሞ ሁለቱ እናቶች ሕፃናቱን አዝለው ግቢውን ይዞራሉ፣ ትልቋ ልጅም ከኋላ ትከተላለች።

«ሰውስ?» አሉ እትዬ የሺአረግ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከስተሽ ሲያዩሽ ባሏ አያበላትም ነው የሚሉት። ልጄን ያሙታል።»

«አልጋ ላይ ስወድቅስ ምን ይሉታል፣ እማማ?»

በዚህ መሃል ሕፃኑ ጩኸቱን ለቀቀው። የፍቅርአዲስ ጡት አግቶ ልብሷን አራሰው። እትዬ የሺአረግ ልጁን እየወዘወዙ በነጠላቸው ጫፍ አንገታቸውን ሲጠርጉ፣ ሃሊሞ ተናገረች።

«የሺ፣ ድሬ ውስጥ ላብ ያልነካው ጡት የጠባ ልጅ ካለ አሳዪኝ። አንቺ ራስሽ ተቀምጠሽ ያልብሽ የለ?»

ሳቢሪን ሳቋን ልታፍን ፊቷን አዞረች። ፍቅርአዲስ ግን አልሳቀችም። «ነርሷን ጠይቄያታለሁ፤ እንቅስቃሴ ወተት አያበላሽም ብላኛለች» አለች። «እኔን ባያምኑ ግን አልፈርድብዎትም። ታጥቤ ላጥባው፤ እርስዎም ዛሬ ከአጠገቡ አይለዩ። ሆዱን ካመመው ጫማዬን ወስደው ይጣሉት።»

ታጥባ ስትመለስ እትዬ የሺአረግ ልጁን ከደረታቸው አንሥተው ሰጧት።

ያን ቀን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ዳይፐሩ በተቀየረ ቁጥር ቀርበው አዩ፣ ሆዱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ልጁ ጠግቦ ሳቀ፤ በቀትሩ ሙቀት ከተማው ሁሉ ሲያንቀላፋ እርሱም አብሮ ተኛ፤ ተነሥቶም እንደገና ጠባ። አመሻሽ ላይ ሆዱ እንደ ጠዋቱ ለስላሳ ነበር።

እናቶቻችን አልዋሹንም። ያኔ ስንት ሕፃን በተበከለ ውሃና በዝንብ ይታመም ነበር፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው ስላልነበረ ጥፋቱን በእናቲቱ ጡት ላይ ጣሉት። ምክሩን የሰጡን ከፍቅር ነው፤ ብንመረምረው ግን አይቀየሙንም።

እትዬ የሺአረግም ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም ብለው «ሃሊሞ በሌለችበት ቀን ለእኔ ደውዪልኝ» አሉ። ብለው የሄዱት ይህን ብቻ ነው፤ ፍቅርአዲስ ግን ይቅርታውንም ፈቃዱንም ከዚያው ሰማች።

በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያ አብረው ሄዱ። ስኳሩ ወርዶ ነበር። ነርሷ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆይ፣ እንቅስቃሴውን ግን እንዳታቋርጪ አለቻት። ያኔ ለይትባረክም ተነገረው፤ ቤት በሚያድርበት ሌሊት ማግስት ልጆቹን እርሱ ሊይዝ ቃል ገባ። ፍቅርአዲስም የወገብ ሕመሟ ቀለላት፣ እንቅልፏ ተስተካከለ፣ በትልቋ ልጇ ላይ መጮኋም ቀረ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ምራትሽ ከሳች» ላሏቸው ሴቶችም እትዬ የሺአረግ «አልከሳችም፣ ተሻላት» ብለው መለሱ።

ልጆቼ፣ ለሕፃን እናት ትርፍ ጊዜ ከሰማይ አይወርድላትም። ባል፣ አማት፣ ጎረቤት ከራሳቸው ቆርሰው ሲሰጧት ነው የምታገኘው። እርሷም ስጡኝ ማለትን አትፈር። የእናት ጤና የቤቱ ሁሉ ጤና ነውና።

አንድ ጠዋት ፍቅርአዲስ ሕፃኑ ጥርስ ሲያወጣ እንቅልፍ ነሥቷት አድሮ ሳትነሣ ቀረች። በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አማቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል።

«ፀሐይዋ ሳትከር ተነሺ እንጂ» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ሳቢሪን እየጠበቀችሽ ነው። ልጁን ወዲህ በዪ።»