ደጅ የቆመችው ባለጉዳይ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ብሂል ሽማግሌው አናጢ ከአባታቸው ወርሰው ሳይጠራጠሩ ኖረውበታል። በመንደሩ ሸንጎ ጉዳይ ያላት ሴት ደጅ ትቆማለች፤ ቃሏን ወንድ ዘመዷ ይዞላት ይገባል። እሳቸውም ልብስ በማጠብ የምትተዳደረውን፣ ባሏ የሞተባትን ልጃቸውን ወክለው ገብተው ነበር።

በማግስቱ የልጃቸውን የጓሮ በር ሊደፍኑ ሳንቃ ተሸክመው ሲደርሱ፣ የወንድማቸውን ልጅ መምህርቷን እዚያው አገኟት። ሴቶች በሸንጎ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ የሚል አቤቱታ ይዛ ቤት ለቤት ታስፈርም ነበር።

«ደግሞ አንቺ! ሴት ሁሉ ሸንጎ ከዋለ ምሳውን ማን ሊያበስል ነው?»

«ሸንጎው በወር አንድ ቀን ነው፣ ጋሼ። ወር ሙሉ የበላ ሰው አንድ ቀን ቢያበስል እጁ አይቆረጥም።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ይህን በር ለምን ይደፍኑታል?»

«ጎረቤቷ እንጨት ነጋዴው፣ ‹የልብስ ገመዷ እንጨት የማስገባበትን መተላለፊያ ዘጋብኝ› ብሎ ከሰሰ። እኔም ጎረቤት ከሚቀየም በሩ ይዘጋ አልሁ። ልብሱ መንገድ ዳር ይሰጣል።»

ብርድ ልብስ ትጨምቅ የነበረችው ልጃቸው ቀና አለች።

«አባዬ፣ በመንገዱ ጋሪ ሲመላለስ ይውላል። ያጠብሁትን አቧራ ሲያለብሰው ማን ይከፍለኛል? ጓሮው ከተዘጋ እንጀራዬ ተዘጋ። ይህን እኮ ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረሽኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሽማግሌዎቹ ፊት ስቆም ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ልብሱ የት እንደሚደርቅ አልጠየቁዎትም?» አለች መምህርቷ።

«ጠይቀውኛል።»

«ምን መለሱ?»

አናጢው ሳንቃውን ከትከሻቸው አወረዱ። «‹እሱን ልጄ ታውቃለች› አልሁ።»

«እሷስ የት ነበረች?»

«ደጅ።»

«ማንም አልጠራትም?»

«ማንም።»

በዚያ ሸንጎ የተቀመጡት ክፉዎች አልነበሩም። ክፋቱ የልማዱ ነው፤ የሚያውቀውን ደጅ አቁሞ የማያውቀውን ያናግራል።

«ልጄ ቆማ ብትናገር ግን ‹አባቷ ሞተ ወይ?› አይሉኝም?»

«ይበሉ፤ እርስዎ ከጎኗ መቀመጥዎን ያያሉ። ክብርዎን የሚነካው ልጅዎ መናገሯ ነው ወይስ የልጅ ልጆችዎ ጦማቸውን ማደራቸው?»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አቤቱታው ዘረጉ። «ወዲህ በይው» አሉ በመጨረሻ። «የት ላይ ነው የምፈርመው?»

በተከታዩ ሸንጎ ቀድመው ተነሡ። «የማላውቀውን ተናግሬ አሳስቻችኋለሁ። የነገሩ ባለቤት እነሆ» ብለው ልጃቸውን እጇን ይዘው አስገቧት። ከወዲያ አጉረመረሙ፣ ከወዲህ ሳቁ፤ እሷ ግን ጎረቤቷን በቀጥታ ጠየቀችው።

«እንጨቱን መቼ ነው የሚያስገቡት?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«እኔ የማሰጣው ከቀትር በኋላ ነው። ማታ ማታ ገመዱን ብፈታውስ?»

«ይህንማ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር መች እከስ ነበር!» አለ ጎረቤት።

ሁለት የወንድ አፎች ያካረሩት ጠብ በአንዲት ሴት ጥያቄ ረገበ። አጣቢዋ ሥራዋን፣ ነጋዴው መንገዱን፣ አባትም የልጃቸውን አክብሮት አተረፉ፤ ሸንጎውም ፍርድ እውነትን ከሚያውቅ አፍ ሲሰማ እንደሚቀል ተማረ።

በዓመቱ ከሸንጎው ዳኞች ሁለቱ ሴቶች ሆኑ። አጣቢዋም ተጠቁማ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኛል ብላ አልተቀበለችም።