ሐጂ የህያ ያልፈቀዱት ሂስ

ሐጂ የህያ ከሱቃቸው መደርደሪያ ላይ አዲስ ጓጉንቸር አንስተው በኮታቸው ኪስ ከተቱና ወጡ። ጊዜው ቡራዩ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የምትናጥበት፣ መንገድ ተዘግቶ ትምህርት ቤት የማይከፈትበት፣ ኢንተርኔትም የተቋረጠበት የ2008 ዓ.ም. ሰሞን ነበር። ለሰፈሩ ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ይሁን ብለው በነጻ የሰጡትን ክፍል ማንም ሳያያቸው ቆልፈው ሊመለሱ ነው ሐሳባቸው። ሰው ሲቆጣ የገዛ በጎ ሥራውን ለማፍረስ ይቸኩላል፤ ሐጂም እንደዚያው ሆነው ነበር።

ያስቆጣቻቸው መምህርት ገለቴ ናት። ሐጂ በቡራዩ ገበያ ያሳለፉትን አርባ ዓመት ጽፈው መጽሐፍ አሳትመዋል። እሷ ደግሞ ስለ መጽሐፉ ሂስ ጽፋ ኢንተርኔቱ ቢጠፋባት ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሐጂ ሂሱን አላነበቡትም። «መጽሐፍዎን አብጠለጠለችው» ያላቸው ሰው ነበር፤ እሱ በቃቸው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ገለቴን አገኟት። ትምህርት ስለሌለ በማለዳ መጥታ መጻሕፍት ትደረድር ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ ሐጂ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለቻቸው እጇን አራግፋ እየቀረበች።

«ናጋ፣ ናጋ» አሉ ፊታቸውን እንዳጠቆሩ። «ልጄ፣ የደከምኩበትን መጽሐፍ ሳታስፈቅጂኝ በአደባባይ ትወቅሽዋለሽ? ‹ልጻፍ ወይ?› ብትዪኝ ምን ይጎድልሽ ነበር? አስቀድሜ አይቼው ቢሆን ክፉውን አውጥተሽ ደህናውን ትለጥፊ ነበር።»

«ሐጂ፣ ሳይታተም ከጓዳዎ አውጥቼ አንብቤው ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነበር። ገልብጬ ብሸጠውም ሌባ ነኝ። ግን ለሰው ሸጠውታል። ገዝቼ ያነበብኩትን እንዴት እንዳገኘሁት ለመናገር ለምን ፈቃድ እጠይቃለሁ?»

«ባለቤቱ ነኛ!»

ገለቴ ፈገግ አለች። «ባለፈው ወር ስለ ፕላኑ በአዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ላይ እኔም ነበርኩ። ሰብሳቢው ‹ስለ ፕላኑ የምትናገሩት ስንፈቅድላችሁ ነው› ሲል ማን ነበር የተነሳው?»

የተነሱት ራሳቸው ሐጂ ነበሩ። «ካርታውን የሣላችሁት እናንተ፣ የምንኖርበት እኛ፤ ለመናገር የምን ፈቃድ ነው?» ብለው አዳራሹን በጭብጨባ አናግተውት ነበር። ያን ዕለት ያኮራቸው ነገር አሁን አሳፈራቸው።

«ያ የአገር ጉዳይ ነው፤ ይሄ የአንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ቢስቅብኝስ?»

የሆዳቸው ነገር ይቺ ነበረች። ገለቴም ገባት፤ አንጀቷን በሏት።

«መጀመሪያ ያንብቡት» አለችና ወደ ግድግዳው ወሰደቻቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ። «ሚዛንና ጆንያ ሳይቀሩ ነፍስ ዘርተው የሚናገሩበት መጽሐፍ ነው» ይላል መጀመሪያው። ደረታቸው ሞቅ አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ግን ቅቤ ተሸክመው መጥተው ገበያውን ያቆሙት ሴቶች የት ሄዱ? ከሚዛኑ ያልተነሱት ወይዘሮ ራቢአስ?» ይላል። ራቢአ ባለቤታቸው ናቸው። ለካ በዚያ ሁሉ ገጽ አንዴም አላነሷቸውም! ሐጂ ክው አሉ።

«ገበያውን ያጠበው ጎርፍም አልተወሳም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን «የለም!» ብለው ጮኹ። «ገጽ አርባ ሦስት!»

ገለቴ መጽሐፉን ገልጣ አየችና ደነገጠች። ወዲያው በቀይ እስክሪብቶ መስመሩን ሰርዛ «ተሳስቻለሁ፤ ገጽ 43 ይታይ» ብላ ጻፈችበት።

«ይኸውልዎ፣ የአንቱ መብት ይሄ ነው» አለች። «ስሳሳት ያርሙኛል፣ ካልተስማሙ መልስ ይጽፋሉ። አስቀድመው ፈቅደውልኝ ቢሆን ግን ያንን ሙገሳ ማን ያምነው ነበር?»

ሐጂ ሙገሳውን ደግመው አነበቡት። አንዲት ፊደል እንኳ እሳቸው አላስጨመሩበትም።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «በይ ወረቀት ስጪኝ።»

መልሳቸውን ከሂሱ ሥር ለጠፉት። በሳምንቱ ሰዉ ሁለቱን ወረቀቶች እያነጻጸረ መከራከር ያዘ፤ ማን ልክ እንደሆነ ለማየትም መጽሐፉን ከሱቃቸው መጠየቅ ጀመረ። የገለቴ ስህተት ታረመ፤ ሐጂም አንባቢ አገኙ። መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት በዚያ ክፉ ሰሞን ሰፈሩ ሳይፈራ የሚነጋገርበት አንድ ግድግዳ ነበረው።

ሐጂ ግን መልሳቸውን በለጠፉበት በዚያው ዕለት ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ጓጉንቸሩን ከነበረበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

«ምነው መለስከው?» አሏቸው ከሚዛኑ አጠገብ የተቀመጡት ወይዘሮ ራቢአ።

«ሳያስፈልግ ቀረ» አሉና ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ከጎናቸው ተቀመጡ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ይህን ሚዛን መጀመሪያ የያዝሽው መቼ ነበር?»