በመቀነት የተለካ መጋዝ

ባሌ ለሞተር መጋዙ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን አዲስ ብረት ሊገዛ ሱሉልታ ሱቅ ሲገባ ልጄን አዝዬ ተከተልኩት። ዓይኑ ረጅሙ ላይ አረፈ። "አጭር ለያዘ ማን ሥራ ይሰጣል?" አለ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የምንቆርጠው ባህር ዛፍ ከአንድ ጉቶ አራት አምስት ሆኖ ይበቅላል። ባለፈው ሳምንት የአሮጌው ረጅም ብረት ጫፍ አጠገቡ ያለውን ግንድ ነክቶ መጋዙ ወደ ባሌ ፊት ተወረወረ፤ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ባለ ሱቁ ኦቦ ገመቹ፣ "ትልቁ ዛፍህ ምን ያህል ይወፍራል?" ሲሉት በሬ እንደሚያቅፍ ሰው እጁን ዘረጋ። እኔ መቀነቴን ፈታሁ። ጠዋት የትልቁን ዛፍ ዙሪያ ለክቼ ቋጥሬበት ነበር። ኦቦ ገመቹ እስከ ቋጠሮው ያለውን ሦስት እኩል አጠፉና "የዙሪያው ሲሶ ውፍረቱ ነው" ብለው አጭሩ ብረት ላይ አስተኙት። አጭሩም ብረት ከመቀነቱ ረዝሞ ተረፈ። "አንተ፣ ባለሙያዋ እሷ ናት እንዴ?" ብለው ሳቁ።

ባሌ አጭሩን ገዛ። መንገድ ላይ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለኝ።

"ነግሬህ ነበር። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር አልሰማኸኝም።"

በማግስቱ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዞር ብሎ አየኝና "የምትይው አለ?" አለኝ።