ለሕያው የተነገረ ቅጽል

መምህርት ቨርሊን ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው ዘወትር በላይኛው መንገድ ነበር። የዚያን ቀን ግን ዝናቡ መንገዱን ስላጨቀየው በባሕሩ ዳር በኩል ወረደች፤ እዚያም ሳታስበው ከሽማግሌው ጀልባ ሠሪ ከኦጋስቲን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ሽማግሌው ከባሕር ጠባቂው ቢሮ ወጥተው ባርኔጣቸውን ጨምድደው ይዘው ይመጡ ነበር።

«እንዴት አደሩ አጎቴ?» አለቻቸው።

መልስ ሳይሰጧት አለፉ። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በካሪያኩ ደሴት ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ከስድብ አይተናነስም፤ ኦጋስቲን ደግሞ ለውሻ እንኳ ባርኔጣ የሚያነሡ ሰው ናቸው። ቨርሊን ተከተለቻቸው።

«አጎቴ! ምን ሆነዋል?»

«ሮይስተን አልተመለሰም» አሉ ሳይዞሩ። «ትናንት ጠዋት ወጣ፤ ማታ ሊገባ ነበር። ይኸው እስካሁን የለም።»

ሮይስተን የሚጦራቸው አንድ ልጃቸው ነው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከእሱ በቀር በቤታቸው ድምፅ የሚያሰማ ፍጡር አልነበረም።

«ታዲያ ባሕር ጠባቂው ምን አለ?»

«ምን ይላል! ከማታ ጀምሮ ጀልባዋ ምን ትመስላለች፣ ልጁ ምን ይመስላል እያለ ነዘነዘኝ። በሬዲዮ ላስነግር ነው ይለኛል። ጀልባዋም ጥሩ ናት፣ ልጁም ጥሩ ነው ብዬው ወጣሁ።»

«ጥሩ ብቻ?»

«ምን ጎደለው?»

ቨርሊን በዚያ ማለዳ ለተማሪዎቿ ልታስተምር የተዘጋጀችው ስለ እንግሊዝኛ ቅጽሎች ነበር። ትምህርቱ እንዲህ መንገድ ላይ ይቆየኛል ብላ ግን አላሰበችም።

የሽማግሌው እምቢታ ከግትርነት ብቻ የመጣ አይደለም። በዚያ ደሴት ሬዲዮ ጠዋትና ማታ የሞቱ ሰዎችን ስም ያነባል። ተወዳጇ እናት፣ የተከበረው ወንድም፣ በቅጽል ስሙ እንዲህ ተብሎ የሚታወቀው፣ ደጉ፣ ትሑቱ እያለ ሲዘረዝር ቤተሰብ ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ኦጋስቲን አባታቸውንም፣ ወንድሞቻቸውንም፣ ሚስታቸውንም የቀበሩት እንዲያ ሲዘረዘሩ ሰምተው ነው። ስለዚህ በሬዲዮ እንዲህ ያለ ነው ተብሎ የተነገረ ሰው በእሳቸው ዘንድ የተገነዘ ሰው ነው። ፍርሃታቸው የሚያሳዝን ፍርሃት ነበር፤ ነገር ግን ያሳዘነ ሁሉ ትክክል አይሆንም።

«ልጄን በቁሙ አላስገንዘውም!» አሉ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይኼ አይገባሽም።»

«ገብቶኛል አጎቴ። የእናቴን ስም እኮ እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ ለሞተ ሰው የሚነበበው ምን ዓይነት ቃል ነው? ተወዳጅ፣ የተከበረ፣ ደግ። አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እነዚህ የአስተያየት ቅጽሎች ናቸው። የተናጋሪውን ልብ እንጂ የሰውየውን መልክ አያሳዩም። የእርስዎም "ጥሩ" የእነሱ እኅት ናት። ሳያውቁት ለሮይስተን የሰጡት የለቀስተኛውን ቃል ነው። እኔ የምለምንዎ ሌላውን ዓይነት ነው፤ ዓይን የሚያየውን። መጠኑን፣ ዕድሜውን፣ ቀለሙን፣ ቁጥሩን፣ ከምን እንደ ተሠራ።»

«ቃል ያው ቃል ነው! ደግሞ በልጄ ሕይወት ሰዋስው ታስተምሪኛለሽ?»

«ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ» አለች ቨርሊን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተበገረም። «እዚያ አሸዋው ላይ የቆሙትን ጀልባዎች ይመልከቱ። እስቲ ጥሩዋን ያሳዩኝ።»

«ሁሉም ጥሩ ናቸው። ግማሾቹን የሠራሁት እኔ ነኝ!»

«እሺ፣ ትንሿን፣ አሮጌዋን፣ አረንጓዴዋን።»

ሽማግሌው ሳያስቡት አገጫቸውን ወደ አንዷ ጀልባ ቀሰሩ።

«አዩ? ጥሩ ስል ሁሉም ቆሙ፤ ትንሽ፣ አሮጌ፣ አረንጓዴ ስል አንዷ ብቻ ቀረች። ቅጽል ማለት ከብዙዎቹ መካከል አንዱን ነጥሎ የሚያወጣ ነው።»

«ያቺ ብትዪኝስ በቂ አልነበረም?»

«እርስዎ አጠገቤ ስላሉ በቂ ነበር። "ይህች"፣ "ያቺ" አመልካች ቅጽሎች ናቸው፤ ጣት ይፈልጋሉ። ሬዲዮ ደግሞ ጣት የለውም። ባሕር ላይ ያለው ሰው የእርስዎን ጣት ከየት ያየዋል?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «አይሆንም» አሉ። «እኔ ዝም ካልኩ ልጄ አልተነገረለትም። ካልተነገረለት አልሞተም። በቃኝ፣ ልቀቂኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ትለቃቸው ነበር። ቨርሊን ግን ክንዳቸውን ያዘች። «እርስዎ ዝም ስላሉ ሰው ሁሉ ዝም ያለ መሰለዎት? ይምጡ፣ አብረን እንስማ» ብላ ወደ ቢሮው በር መለሰቻቸው።

ከውስጥ ባሕር ጠባቂው አሥር አለቃ ፍሌቸር በሬዲዮ መገናኛው ለዓሣ አጥማጆች ሲናገር ይሰማ ነበር። «... ደግሜ እናገራለሁ፣ ሰማያዊ ጀልባ ነው የምትፈልጉት፣ ሰማያዊ ...»

ኦጋስቲን በሩን ገፍተው ገቡ። «ሰማያዊ ማን አለህ?»

«አገር የሚያውቃት ሰማያዊ ጀልባ አይደለች እንዴ?» አለ አሥር አለቃው ግራ ገብቶት። «እርስዎ ማታ እምቢ ሲሉኝ የማውቀውን ተናገርኩ።»

«ነጭ ናት!» አሉ ሽማግሌው ወንበሩን ይዘው። «ለጀልባ ውድድሩ ሰው እንዳያያት ብለን፣ እኔና ሮይስተን ማዶ ወሽመጥ ደብቀን ነጭ ቀባናት። ሰው አልነገርንም። ወይኔ! ወይኔ ልጄን!»

የካሪያኩ ሰው ለውድድር የሚያዘጋጃትን ጀልባ ከወንድሙም ይደብቃል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ያን ቀን ግን ደሴቲቱ ሁሉ የሌለች ሰማያዊ ጀልባ ስትፈልግ አርፍዳለች።

ቨርሊን አልወቀሰቻቸውም። የሬዲዮውን መናገሪያ ከአሥር አለቃው ተቀብላ በእጃቸው አስያዘቻቸው። «አሁን እርስዎ ይናገሩ። በእንግሊዝኛ ቅጽሎች ሰልፍ አላቸው፤ ቁጥሩ ይቅደም፣ ከዚያ መጠን፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ቀለም፣ በመጨረሻ የተሠራችበት። "ጥሩ"ን ይተዉት፤ ልጅዎ ሲመጣ ይሉታል።»

ሽማግሌው መናገሪያውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሚስማር እንደሚመታ ሰው ቃሉን አንድ በአንድ አስቀመጡ።

«አንዲት ትንሽ፣ አሮጌ፣ ነጭ፣ የእንጨት ጀልባ። ጠርዟ ቀይ ነው። ሸራዋ ቡናማ፣ የተጣፈ። ውስጧ አንድ ሰው አለ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወጣት። ቢጫ ሸሚዝ ለብሷል። አባቱ ነኝ።»

መገናኛው ለጥቂት ጊዜ ሲያፏጭ ቆየና ከጎረቤቷ ከዩኒየን ደሴት የአንድ ዓሣ አጥማጅ ድምፅ መጣ።

«ነጭ ነው ያላችሁት? ቀይ ጠርዝ ያላት? አንተ ሰውዬ፣ ጎሕ ሲቀድ እኮ አይቻታለሁ! ሰውየው እጁን ሲያወዛውዝልኝ ሰላም ያለኝ መስሎኝ እኔም አወዛውዤለት አለፍኩ። የምትፈልጉት ሰማያዊ ስለ ነበር! ቆዩ፣ አሁኑኑ እመለሳለሁ።»

ከቀትር በኋላ ሮይስተንን ጎትተው አመጡት። ምሰሶው ተሰብሮበት፣ የሚጠጣው አልቆበት፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሽማግሌው እስከ ወገባቸው ባሕሩ ውስጥ ገብተው አቀፉትና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ፤ አሥር አለቃውም ጭምር።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ኦጋስቲን ከዚያ ወዲህ የተለወጡት ለራሳቸው ብቻ ስላልነበር፣ ማንኛውም ጀልባ ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት መልኩና የተሳፋሪው መልክ ለባሕር ጠባቂው እንዲነገር መንደሩን አስማሙ። የጥቅሙ ብዛት ሳይውል ሳያድር ታየ፤ የዘገየ ጀልባ ሲኖር ፈላጊው የሚፈልገውን ያውቃል፣ ነዳጅና ቀን በከንቱ አይባክንም፣ እናቶችም በግምት ከማልቀስ ተረፉ። የቨርሊን ተማሪዎችም ቅጽል ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ነገር አለመሆኑን ስላወቁ ትምህርቱን ወደዱት።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ኢዩላሊ የተባለች ዓሣ ነጋዴ ባሏ ሊወጣ ሲል ከቢሮው ደጃፍ ቆማ አንገራገረች።

«ጥሩ ጀልባ ናት በሉት፣ ይበቃል» አለች። «በሬዲዮ እንዲህ እንዲያ ናት የሚባለው እኮ ለሙት ነው፣ አጎቴ ኦጋስቲን። እርስዎስ ይህን ያጡታል?»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ቃሉን ሁሉ ለሬሳ ሰጥተን ለሕያው ምን ልናስቀርለት ነው፣ ልጄ? በይ ንገሪኝ፤ ቀለሟ ምንድን ነው?»